ያልተሞከረው ባንት፦ የኪት ሄርናንዴዝ ጉዳይ

በቤዝቦል ቡድን ውስጥ ሩጫ የከበደው፣ ክንዱ የደከመ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ግን ኳስ ሲመታ አሁንም የሚያስፈራ ተጫዋች ካለ አሰልጣኙ ፈርስት ቤዝ (መቺው ነጥብ ለማስገባት ከሚዞራቸው አራት መቆሚያዎች የመጀመሪያው፣ አንደኛው ቤዝ) ላይ ያቆመዋል። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ሌሎቹ ተከላካዮች በመሬት የመጣውን ኳስ ይዘው ይወረውሩለታል። እሱ አንድ እግሩን ቤዙ ላይ አሳርፎ ይቀበላል። ኳሱ ከመቺው ቀድሞ ከደረሰ መቺው አውት ነው፤ ተራው ያበቃል። ስለዚህ ቡድኖች ለዚህ ቦታ ሰው ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚያዩት በዓመት ስንት ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው አሳልፎ ነጥብ የሚያስገኝ ምት) እንደሚመታ ነው፤ የጓንቱ፣ ማለትም የመከላከሉ፣ ነገር ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

ፈርስት ቤዝመኑ (በዚህ ቦታ የሚጫወተው) ኪት ሄርናንዴዝ ከ1974 እስከ 1990 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ ሲጫወት የመታው ሆም ራን 162 ብቻ ነው። በአንድ ዓመት ከ18 በላይ መትቶ አያውቅም። ጉልበተኞቹ ፈርስት ቤዝመኖች ይህን በአምስት ዓመት ይጨርሱታል። ሆኖም ከ1978 እስከ 1988 ባለው ጊዜ በየቦታው ለምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት ሽልማት በተከታታይ 11 ጊዜ ወስዷል። በዚያን ጊዜ ሽልማቱን በድምፅ የሚሰጡት የሊጉ አሰልጣኞች ነበሩ፤ ማለትም እሱን ለማሸነፍ ዕቅድ ሲያወጡ የሚያድሩት ሰዎች። በዚህ ቦታ ላይ ከ11 በላይ የወሰደ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ይህን ታሪክ እንደ ጉዳይ ጥናት ለማየት የመረጥኩት አንድ ያልተፈታ ቅራኔ ስላለበት ነው። በዘመኑ የነበሩ ተጋጣሚዎች ሁሉ ከቦታው ባለሙያዎች የላቀ መሆኑን መስክረውለታል። ታላላቅ ተጫዋቾች የሚገቡበት የቤዝቦል የዝና አዳራሽ መራጮች ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ስሙን አይተው አንድም ጊዜ ከ11 በመቶ በላይ ድምፅ አልሰጡትም። እኔ እንደማየው የዚህ ልዩነት ምክንያት ጨዋታው የሚመዘገብበት መንገድ ነው። የሄርናንዴዝ ትልቁ ሥራ ተጋጣሚው ሳይሞክር በተወው ነገር ውስጥ ያለ ሲሆን፣ የቤዝቦል መዝገብ ደግሞ ያልተሞከረ ነገር የሚጻፍበት ዓምድ የለውም።

የአባት ሙያ

ሄርናንዴዝ ኦክቶበር 20 ቀን 1953 ሳን ፍራንሲስኮ ተወለደ። አባቱ ጆን የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር፤ ከዚያ በፊት በታችኞቹ ሊጎች ፈርስት ቤዝ ተጫውቷል፤ ወደ ላይኛው ሊግ ግን አልደረሰም። ልጁን ገና ከሕፃንነቱ ያሠለጠነው እሱ ነው። ሌላው ልጅ ሆም ራን ሲያልም፣ ይሄኛው እግር እንዴት ቤዝ ላይ እንደሚቀመጥና መሬት ነክቶ የሚነሳ ኳስ እንዴት እንደሚቀለብ ተምሮ አደገ። አባትየው ልጁ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላም አልተወውም። ጨዋታውን በቴሌቪዥን እየተከታተለ ስለ አመታቱ በስልክ ይመክረው ነበር፤ ሁለቱ በዚህ ምክንያት የተኳረፉባቸው ጊዜያት አሉ።

ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚወስዱበት የ1971 ምርጫ ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ሲመርጡት 42ኛው ዙር ላይ ደርሰው ነበር። ይህን ያህል ወደ ኋላ የወደቀው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመቱ ከአሰልጣኙ ጋር ተጣልቶ ሳይጫወት በመቅረቱ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ኦገስት 30 ቀን 1974፣ በላይኛው ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ።

ደካማ መቺ ነበር እንዳይባል፣ በ1979 በ.344 አማካይ (ከ1,000 የመምታት ሙከራ 344ቱ ሲሳካ ማለት ነው) የሊጉ ቀዳሚ ሆኖ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። ሽልማቱን ከፒትስበርጉ ዊሊ ስታርጄል ጋር እኩል 216 ነጥብ አግኝተው ተካፈሉት፤ በሊጎቹ ታሪክ ይህ ሽልማት ለሁለት ሰው የተከፈለው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጨዋታ ሲያቆም አማካዩ .296፣ የመታቸው ሂቶች (ቤዝ ላይ ያደረሱት ምቶች) 2,182 ነበሩ። ጥሩ መቺ ነበር፤ ግን ቦታው የሚጠብቀው ዓይነት መቺ አልነበረም።

ባንቱ ላይ የሆነው

ነገሩን ለመረዳት ባንት ምን እንደሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። ሁለት ሯጮች (ቤዝ ላይ የደረሱ መቺዎች) አንደኛውና ሁለተኛው ቤዝ ላይ ቆመዋል፤ አውት የለም፤ ተራው የደካማ መቺ ነው። በዚያ ዘመን ሄርናንዴዝ በተጫወተበት በናሽናል ሊግ (ከሁለቱ ትልልቅ ሊጎች አንዱ ነው) ወርዋሪዎች (ኳሱን ለመቺው የሚወረውሩት ፒቸሮች) ራሳቸው ይመቱ ስለነበር ደካማ መቺ በየጨዋታው ነበረ። ይህ ሰው ኳሱን በኃይል ከመምታት ይልቅ ዱላውን አግድም ይዞ በቀስታ ይነካዋል። ኳሱ ትንሽ ተንከባሎ ይቆማል። ተከላካዩ ሮጦ እስኪያነሳው ሯጮቹ አንድ አንድ ቤዝ ይቀድማሉ፤ መቺው ፈርስት ቤዝ ላይ አውት ይሆናል። አንድ አውት ሰጥቶ ሁለት ሰው ማሻገር ማለት ነው። መከላከያው ይህን ልውውጥ በጸጋ እንዲቀበል ነው የሚጠበቀው።

ሄርናንዴዝ አልተቀበለውም። ወርዋሪው እጁን ሲያነሳ እሱ ከቤዙ ተነስቶ ወደ መቺው ይገሰግሳል፤ ዱላው ኳሱን ሲነካ ከመቺው ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቃል። መቺው ሐሳቡን ለውጦ በኃይል ቢመታ ኳሱ ፊቱ ላይ ይመጣበታል። ኳሱን ሲያነሳ የሚወረውረው ወደ ቀላሉ ቦታ ሳይሆን ወደ ሦስተኛው ቤዝ ወይም ወደ ሁለተኛው ነው፤ የፊተኛውን ሯጭ ለመግደል፣ ማለትም አውት ለማድረግ። ግራኝ መሆኑ እዚህ ላይ ጠቅሞታል። ቀኝ እጅ የሆነ ፈርስት ቤዝመን ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ለመወርወር መጀመሪያ ሰውነቱን መመለስ አለበት። ግራኙ ግን ኳሱን ካነሳበት አቋም ሳይዞር ይለቀዋል። ልዩነቱ ከሰከንድ ያነሰ ነው፤ በባንት ላይ ግን ሁሉም ነገር የሚወሰነው በዚያች ቅጽበት ውስጥ ነው።

ግራኝነት ብቻውን ይህን አያደርግም፤ ግራኝ ፈርስት ቤዝመን ሞልቷል። ሌላው የነበረው ነገር ድፍረት ነው፣ ከድፍረቱም በፊት ስሌት። ማን ባንት እንደሚያደርግ፣ ወዴት እንደሚያደርግ፣ ሯጩ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል። ከቤዙ ሲነሳ ባዶ የሚቀረውን ቦታ ሁለተኛ ቤዝመኑ ሮጦ እንዲሸፍን ከጨዋታው በፊት ተስማምተዋል። የአንድ ሰው ግስጋሴ ይመስላል እንጂ አራት ሰው አብሮ የሚንቀሳቀስበት ሥርዓት ነው።

ጁላይ 22 ቀን 1986 ሲንሲናቲ ላይ የታየው ከሁሉ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ነው። በዚያን ጊዜ ሄርናንዴዝ ለኒው ዮርክ ሜትስ ይጫወት ነበር። ጨዋታው ገና ከመነሻው ጤነኛ አልነበረም። በዘጠነኛው፣ በመደበኛው የመጨረሻ ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር) ሁለት አውት ከሆነ በኋላ ሄርናንዴዝ ራሱ ወደ ቀኝ ሜዳ ያነሳትን ቀላል ኳስ ዴቭ ፓርከር ጣላትና ሜትስ አቻ ሆኑ። በአሥረኛው ሦስተኛ ቤዝ ላይ ኤሪክ ዴቪስና ሬይ ናይት በቡጢ ተጋጠሙ፤ ሁለቱም ቡድኖች ሜዳ ውስጥ ተደባልቀው ተደባደቡ፤ ተጫዋቾች ተባረሩ። ሜትስ ሰው አለቀባቸው። ሁለት ወርዋሪዎች፣ ጄሲ ኦሮስኮና ሮጀር ማክዳወል፣ እየተፈራረቁ አንዱ ሲወረውር ሌላው የውጭ ሜዳ ተከላካይ ሆነ። ሦስተኛው ቤዝ ላይ የቆመው ደግሞ ካቸሩ (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳስ የሚቀበለው) ጋሪ ካርተር ነበር።

በ12ኛው ሲንሲናቲ አንደኛውና ሁለተኛው ላይ ሯጭ አቆመ። መቺው ወርዋሪው ካርል ዊሊስ ነበርና ባንት አደረገ። የጨዋታው ልማድ የሚያዘው ነው፤ እንዲያውም ሦስተኛው ቤዝ ላይ ቦታው ያልሆነ ሰው ቆሟልና ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ሄርናንዴዝ ገስግሶ አነሳት፤ ለካርተር ሦስተኛው ላይ ወረወረ፤ ካርተር ወዲያው ወደ ፈርስት ቤዝ መለሳት፤ እዚያ ሁለተኛ ቤዝመኑ ሮጦ ደርሷል። በአንድ ባንት ሁለት አውት። ሜትስ በ14ኛው 6 ለ 3 አሸነፉ።

የሲንሲናቲ አሰልጣኝ ፒት ሮዝ ነበር። እሱ በሄርናንዴዝ ላይ ባንት ማድረግን በቅርጫት ኳስ ቢል ራስል ወደ ቆመበት ሰብሮ ከመግባት ጋር አመሳስሎታል። ራስል ብዙ ኳስ አገደ፤ ከዚያ ይበልጥ ግን እሱ ቆሟል ተብሎ ያልተሞከረው ኳስ ይበዛል። እግር ኳስ ለሚከታተል የአገራችን ሰው ነገሩ ቅርብ ነው፦ አጥቂው በእሱ በኩል መግባቱን ትቶ ወደ ሌላው ክንፍ የሚሄድበትን ተከላካይ አስቡ፤ በጨዋታው መጨረሻ ቁጥሩ ሲታይ የነጠቀው ኳስ ትንሽ ነው።

ከሴንት ሉዊስ መውጣት

በ1982 ካርዲናልስ የወርልድ ሲሪስ (የሁለቱ ሊጎች አሸናፊዎች የሚገናኙበት የዓመቱ ፍጻሜ) ሻምፒዮን ሆኑ። ሰባተኛው ጨዋታ በሄርናንዴዝ 29ኛ ልደት ቀን ላይ ዋለ፤ በስድስተኛው ኢኒንግ 3 ለ 1 እየተመሩ ሳለ ሁለት ነጥብ አስገብቶ አቻ ያደረጋቸው እሱ ነው። ከስምንት ወር በኋላ፣ ጁን 15 ቀን 1983፣ ኒል አለንና ሪክ ኦውንቢ በተባሉ ሁለት ወርዋሪዎች ለወጡት።

ለምን? አሰልጣኙ ዋይቲ ሄርዞግ በሄርናንዴዝ ትጋት ደስተኛ አልነበረም፤ ከጀርባው ደግሞ ኮኬይን ነበረ። የተላከበት ሜትስ በዲቪዚዮኑ (በሊጉ ውስጥ ባለው ምድብ) መጨረሻ ላይ የተቀመጠ ቡድን ነው፤ ያን ዓመት 68 አሸንፎ 94 ተሸነፈ። ለተጫዋቹ ስደት ነበር።

ስለዚህ ልውውጥ ሲወራ ሁልጊዜ ካርዲናልስ ተሞኙ ይባላል። በሰጡትና በተቀበሉት ካየነው እውነት ነው። ግን ሙሉ አይደለም። ካርዲናልስ ቦታውን ቆይተው ጃክ ክላርክ በተባለ ሰው ሞሉት። ክላርክ የውጭ ሜዳ ተጫዋች የነበረ ጉልበተኛ መቺ ነው፤ ማለትም መጀመሪያ ላይ ያልነው ዓይነት ፈርስት ቤዝመን። በ1985 ሜትስ 98፣ ካርዲናልስ 101 አሸንፈው ዲቪዚዮኑን ወሰዱ፤ ክላርክም በሆም ራን ወደ ወርልድ ሲሪስ አሻገራቸው። በ1987ም ተመለሱ። ጓንት የሌለው ፈርስት ቤዝመን ይዞ ማሸነፍ እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም፤ የሄርናንዴዝን ነገር የሚያጋንን ሰው ይህን ማለፍ የለበትም።

ሜትስ ግን ሌላ ዓይነት ቡድን ነበሩ። ወርዋሪዎቻቸው ድዋይት ጉደንና ሮን ዳርሊንግ ገና ልጆች ናቸው። የውስጥ ሜዳ ተከላካዮቻቸው ከመካከለኛ አይበልጡም። ሄርናንዴዝ ከመስመሩ ርቆ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ስለሚቆም በሱና በሁለተኛ ቤዝመኑ መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል፤ ሁለተኛ ቤዝመኑ ወደ መሃል ይጠጋል፤ አንድ ሰው የሚሸፍነው ቦታ ሲሰፋ የሌሎቹ ሦስት ሥራ ይቀላል። የተዛባ ውርወራ ከመሬት እያነሳ ስለሚያድናቸው ሳይሰጉ ይወረውራሉ። ይህ ሁሉ በእነሱ ስም እንጂ በእሱ ስም አይመዘገብም፦ የሾርትስቶፑ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆመው ተከላካይ) ስህተት ባልሆነ ውርወራ፣ የወርዋሪው ነጥብ ባልገባበት ኢኒንግ። በ1984 ሜትስ 90 ጨዋታ አሸነፉ። ሄርናንዴዝ በ.311 አማካይ መትቶ ለምርጥ ተጫዋችነት ከራይን ሳንድበርግ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ። በ1987 የቡድኑ የመጀመሪያ ካፒቴን ተባለ።

ፒትስበርግ

በሴፕቴምበር 1985 ፒትስበርግ ላይ በአደንዛዥ ዕፅ ሻጮች ላይ በተከፈተ የፌዴራል ክስ ሄርናንዴዝ ያለመከሰስ ዋስትና አግኝቶ ምስክር ሆነ። ከ1980 ጀምሮ ኮኬይን ይጠቀም እንደነበርና በኋላ እንደተወው ለፍርድ ቤቱ ተናገረ። ወደ ሜትስ ሜዳ፣ ወደ ሺ ስታዲየም፣ ሲመለስ የኒው ዮርክ ተመልካች ቆሞ አጨበጨበለት። ያን ጭብጨባ ብዙ ሰው ይተቸዋል፤ እኔ ተመልካቹ ያሞገሰው ዕፁን ሳይሆን ቡድኑን ያቆመውን ሰው ነው ባይ ነኝ፤ ቢሆንም ሌሎች ምስክሮች በየከተማቸው እንዲህ ያለ ምሕረት እንዳላገኙ መታወቅ አለበት።

በፌብሩዋሪ 1986 የሊጉ ኮሚሽነር ፒተር ዩበሮት እሱንና ሌሎች ስድስት ተጫዋቾችን ለአንድ ዓመት አገደ። ዴቭ ፓርከርም ከሰባቱ አንዱ ነው። ቅጣቱ በአማራጭ የመጣ ነበር፦ የዓመት ደመወዛቸውን 10 በመቶ ለዕፅ መከላከያ ሥራ ከሰጡ፣ ለምርመራ ፈቃደኛ ከሆኑና የማኅበረሰብ አገልግሎት ከሠሩ መጫወት ይችላሉ። ሄርናንዴዝ መጀመሪያ አንገራገረ፤ ቆይቶ ተቀበለ። የዚያ ዓመት ሜትስ 108 ጨዋታ አሸነፉ።

ሂውስተን፣ 16ኛው ኢኒንግ

ከሙያው ሁሉ አንድ ጨዋታ ብቻ አሳይ ብባል ይህን አሳያለሁ። ኦክቶበር 15 ቀን 1986፣ የናሽናል ሊግ ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ፣ ሂውስተን አስትሮዶም። ሜትስ በጨዋታ ብዛት 3 ለ 2 ይመራሉ። ቢሸነፉ በማግስቱ የሚጠብቃቸው ማይክ ስኮት ነው፤ በሁለት ጨዋታ 18 ኢኒንግ ወርውሮባቸው አንድ ነጥብ ብቻ የሰጠ ሰው። ስለዚህ ስድስተኛው ጨዋታ ለእነሱ የመጨረሻው ያህል ነው።

እስከ ዘጠነኛው 3 ለ 0 ተመሩ፤ በዘጠነኛው አቻ ሆኑ። በ14ኛው አንድ አገቡ፤ ቢሊ ሃቸር በሆም ራን መለሰባቸው። በ16ኛው ሦስት አገቡና 7 ለ 4 ሆነ። ከዚያ ኦሮስኮ ደከመ። አንድ አውት ከተገኘ በኋላ ሂውስተኖች አንድ ነጥብ አስገቡ፤ 7 ለ 5። ቢል ዶራን ሁለተኛው ላይ፣ ሃቸር አንደኛው ላይ ቆሙ።

ዴኒ ዎሊንግ በመሬት ወደ ሄርናንዴዝ መታ። ቀላሉ አውት ከእግሩ ሥር ነበር፦ ቤዙን ረግጦ ዎሊንግን ማውጣት። ሁለት ነጥብ እየመራ፣ ሌሊቱን ሙሉ የተጫወተ የሚመስል ቡድን ይዞ፣ ማንም ይህን ቢያደርግ አይወቀስም። ሄርናንዴዝ ግን ወደ ሁለተኛው ወርውሮ ሃቸርን አወጣ። ዶራን ሦስተኛው ደረሰ፤ ዎሊንግ አንደኛው ላይ ቀረ።

ቀጥሎ ግሌን ዴቪስ ሂት መታ። ዶራን ገባ፤ 7 ለ 6። ዎሊንግ ከአንደኛው ተነስቶ ሁለተኛው ላይ ቆመ። አሁን ሌላኛውን መንገድ አስቡት። ሄርናንዴዝ ቀላሉን አውት ወስዶ ቢሆን ሃቸር፣ ፈጣኑ ሃቸር፣ ሁለተኛው ላይ ይሆን ነበር፤ በዴቪስ ሂት የመግባት ዕድሉም ሰፊ ነበር። 7 ለ 7። ያች የአቻ ነጥብ ያልገባችው ከአንድ መቺ በፊት በተደረገ ምርጫ ነው።

መዝገቡ ላይ ግን ይህ ምን ይመስላል? ለፈርስት ቤዝመኑ አንድ አሲስት (ወርውሮ አውት ማስገኘት)፣ ለሁለተኛው ቤዝ አንድ አውት። ቤዙን ቢረግጥም አንድ አውት ነው። አውት ከአውት እኩል ነው በመዝገቡ።

ቀጣዩ መቺ ኬቨን ባስ ነበር። ሄርናንዴዝ ወደ ወርዋሪው ጉብታ ሄደ። ሃቸር በ14ኛው ያሳረፋት ሆም ራን በፈጣን ኳስ እንደነበረች አልረሳም፤ ከዚህ በኋላ ፈጣን ኳስ ከተጣለ እንደሚደባደብ ተናገረ። ባስ ተጣማማውን ኳስ እያሳደደ በስትራይክ ወጣ፤ ማለትም ሦስት ጊዜ ስቶ አውት ሆነ። ሜትስ ወደ ወርልድ ሲሪስ አለፉ።

የቦስተኑ ፈርስት ቤዝመን

ወርልድ ሲሪሱ ላይ የሆነውን ቤዝቦል የማያውቅ አሜሪካዊ እንኳ ሰምቶታል። ኦክቶበር 25፣ ስድስተኛው ጨዋታ፣ አሥረኛው ኢኒንግ፣ ቦስተን 5 ለ 3 ይመራል። ሄርናንዴዝ ወደ መሃል ሜዳ አንስቶ ሁለተኛው አውት ሆነ። ተስፋ ቆርጦ ወደ ውስጥ ገባና አሰልጣኙ ዴቪ ጆንሰን ቢሮ ውስጥ ቢራ ከፍቶ ተቀመጠ። የቀረውን በቴሌቪዥን አየው፦ ሦስት ሂት በተከታታይ፣ ከካቸሩ ያመለጠ አንድ ኳስ፣ ከዚያ ሙኪ ዊልሰን በመሬት መትቷት በቢል በክነር እግሮች መካከል ያለፈችው። ሰባተኛውን ጨዋታ 3 ለ 0 ከመመራት ሜትስ ሲመለሱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነጥቦች ያስገባው ሄርናንዴዝ ነው፤ 8 ለ 5 አሸነፉ።

በክነር እዚህ ጥናት ውስጥ የገባው ለማነጻጸር ነው፤ ያውም ብዙዎች በማይጠብቁት መንገድ። በ1985 በክነር 184 አሲስት ነበረው። በዚያን ጊዜ የፈርስት ቤዝ ታሪክ ከፍተኛው ቁጥር ነው፤ አልበርት ፑሆልስ በ2009 በአንድ እስኪያልፈው ድረስ ቆየ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው በክነር ከሄርናንዴዝ የበለጠ ተከላካይ ነበር ሊል ይችላል። ነገሩ ሌላ ነው። የበክነር ቁርጭምጭሚት የተጎዳ ነበር፤ ኳሱን ይዞ ራሱ ሮጦ ቤዙን ከመርገጥ ይልቅ ለሚሸፍነው ወርዋሪ ማቀበልን ይመርጣል። እያንዳንዷ ማቀበል አንድ አሲስት ናት። ሮጦ ቢረግጥ አሲስት የለም። የሄርናንዴዝ አሲስቶች ውስጥ ደግሞ ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው የተወረወሩት አሉ፤ ከፊት ያለውን ሯጭ የገደሉት። ሁለቱም በአንድ ዓምድ ውስጥ ይደመራሉ። በክነርንም በዚያች አንድ ኳስ ብቻ ማስታወስ ግፍ ነው፤ 2,715 ሂት የመታ ሰው ነው።

ድምፁ

ሄርናንዴዝ በ1988 በጉዳት ብዙ ጨዋታ አምልጦት እንኳ የመጨረሻውን የወርቅ ጓንት ወሰደ። በ1989 የጉልበቱ ሎሚ ተሰበረ። በ1990 ወደ ክሊቭላንድ ሄዶ 43 ጨዋታ ተጫውቶ አቆመ።

ለዝና አዳራሹ 75 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ከ5 በመቶ በታች ያገኘ ከዝርዝሩ ይወጣል። እሱ በ1996 በ5.1 ጀመረ፤ በ1998 ከፍተኛው 10.8 ሆነ፤ በ2004 4.3 አግኝቶ ወጣ። ምክንያቱ ኮኬይኑ ነው የሚሉ አሉ። ይህ ሙሉ በሙሉ አያሳምነኝም። ኮኬይን መጠቀሙን ያመነው ቲም ሬንስ በ2017 ገብቷል። የቅጣት ጓደኛው ፓርከር እንኳ ዘግይቶም ቢሆን በ2025 ከገቡት አንዱ ነው።

እኔን የሚያስገርመኝ የ2002 ድምፅ ነው። በዚያ ወረቀት ላይ ሁለት የ1982 ካርዲናልስ ጓደኛሞች ነበሩ። ሾርትስቶፑ ኦዚ ስሚዝ በመከላከል የታወቀ፣ በ.262 አማካይ የመታ፣ 28 ሆም ራን ብቻ ያለው ተጫዋች ነው፤ በመጀመሪያው ዕድሉ 91.7 በመቶ አግኝቶ ገባ። ሄርናንዴዝ 6.1 አገኘ። ስሚዝ ለመግባቱ ጥርጥር የለኝም፤ ሾርትስቶፕ ከፈርስት ቤዝ እጅግ የከበደ ቦታ ነው፤ ብዙ ኳስ ይመጣበታል። ልዩነቱ ግን በቦታዎቹ ክብደት ብቻ የሚገለጽ አይመስለኝም። ስሚዝ በአየር ላይ ተዘርግቶ ሲይዝ ካሜራው ያየዋል። ሃቸርን በ16ኛው ኢኒንግ ሁለተኛው ላይ ማውጣት በቪዲዮ ሲታይ ተራ ውርወራ ነው። ጥቅሙ የሚገባው ቀጥሎ የመጣውን ሂት ለሚያውቅ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት የስታቲስቲክስ ስሌቶች ለእሱ የተሻለ ፍርድ ሰጥተዋል። በሜዳ ላይ ያዳናቸውን ነጥቦች የሚገምቱት ቀመሮች ከ110 በላይ ይሰጡታል፤ በዚህ ቦታ ከተጫወቱት ሁሉ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ያስቀምጡታል። እነሱም ቢሆኑ የሚቆጥሩት ወደ እሱ የመጣውን ኳስ ነው። ሄርናንዴዝ ወደፊት ተጠግቶ ሲያይ ባንቱን ትቶ ዱላውን ያወዛወዘው ወርዋሪ በስትራይክ ሲወጣ፣ አውቱ የሜትስ ወርዋሪ ነው የሚባለው።

ጁላይ 9 ቀን 2022 ሜትስ 17 ቁጥር ማልያውን ማንም እንዳይለብሰው አነሱለት። ከ2006 ጀምሮ በቡድኑ የቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ ተንታኝ ሆኖ ስለሚሠራ ብዙ ወጣት ተመልካች የሚያውቀው በድምፁ ነው። በዚያው በ2022 ናሽናል ሊግ ወርዋሪዎች እንዳይመቱና በምትካቸው ሌላ መቺ እንዲቆም የሚያዘውን ደንብ ተቀበለ። ከወርዋሪው መምታት ጋር መስዋዕት ባንቱም ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ዛሬ ግራኝ፣ ደፋርና አስተዋይ የሆነ ፈርስት ቤዝመን ቢነሳ ሁለት ሯጭ እያለ ወደ መቺው የሚገሰግስበት አጋጣሚ በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው የሚገጥመው፤ 11ዱን ሽልማት የሚያልፍ ቢመጣ እንኳ የሚያልፈው በሌላ ሥራ ይሆናል።